ለሆኪ በረኛ ሮለር አመራረጥ፦ ከሐዋሳ አስፋልት ተነስቶ

ሮለር፣ ማለትም ከሥሩ ጎማ ያለው የመንሸራተቻ ጫማ፣ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የጎማውን ትልቅነት ነው፤ ቀጥሎ ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል። ለሚሮጥ ተጫዋች ይህ ብዙም አይከፋም። በረኛ ግን አይሮጥም። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ግብ 183 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 122 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ በረኛው ጨዋታውን የሚጨርሰው በዚያ ፊት ጉልበቱን አጥፎ፣ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ወደ ግራ እያለ፣ እየወደቀና እየተነሣ ነው። ስለዚህ ጫማው ቀጥ ብሎ በመቆም አይመረጥም፤ ዝቅ ተብሎ፣ ጉልበት ታጥፎ ነው የሚመረጠው። ቅደም ተከተሉም ከተለመደው የተገለበጠ ነው፦ መጀመሪያ መሬቱ፣ ከዚያ እግሩ፣ ቡቱ፣ ጎማዎቹን ከቡቱ ሥር የሚይዘው ፍሬም፤ ጎማው ወደ መጨረሻ፣ ኩሽኔታው ከዚያም በኋላ።

«ስኬት» የሚለው ስም በአማርኛ ሌላ ነገር ስለሚያሳስብ እዚህ ሮለር እያልን እንሄዳለን፤ ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበትን ማለታችን ነው። ሁለት ጎማ ከፊት ሁለት ከኋላ ጎን ለጎን ባለው ሮለር የሚጫወቱት ሆኪም አለ፤ በ1992 (እ.ኤ.አ.) የባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ለማሳያ የቀረበው እሱ ነው። ሕጉም የበረኛው ዕቃም የተለየ ስለሆነ አንነካውም።

1. መሬቱን እዩ

ሐዋሳ ለጥ ያለች ከተማ መሆኗ ለሮለር ዕድል ነው፤ ለበረኛ ግን ልጥነት ብቻውን አይበቃም። ሯጩ ሻካራ ቦታ ሲያገኝ በፍጥነቱ ያልፈዋል፤ በረኛው ግን ጎማውን ወደ ጎን ስለሚጎትት እያንዳንዷ ስንጥቅ ትይዘዋለች። ከዚህ የተነሣ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ከሒሳብ ይውጣ፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ጎማውን ቆንጥጦ ይይዝና ቁርጭምጭሚትን ይጠመዝዛል። የአስፋልት መንገድ ባጃጅ ባይኖርበት እንኳ ጎማንም የቡቱን አፍንጫም እንደ ሞረድ ይበላል። ከሁሉ የሚሻለው የተለሰነ ሲሚንቶ ነው፤ የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ማለት ነው፣ ፈቃድ ከተገኘ።

ሜዳችሁን ከለያችሁ በኋላ መዳፋችሁን መሬቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ወደ ጎን አሹ። ቆዳችሁን የሚፈትግ ከሆነ ሻካራ ነው፤ ከ82ኤ እስከ 85ኤ የሆነ ጠንካራ ጎማ ይፈልጋል። እንደ ቤት ወለል ከለሰለሰ ከ76ኤ እስከ 80ኤ ይበቃል። ይህ ቁጥር ጎማው ላይ ተጽፎ የሚገኝ የጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ጎማው ይደርቃል፣ ዝቅ ባለ መጠን ይለሰልሳል። ጎማው የሚሠራበት ፖሊዩሬቴን በሙቀት ስለሚለሰልስ በየካቲትና በመጋቢት እኩለ ቀን ጥቁር አስፋልት ላይ የምትጫወቱ ከሆነ አንድ ደረጃ ወደ ጠንካራው ውጡ።

ቀይ አሽ፣ አሸዋና ከመንገድ ዳር የሚነሣው ደቃቅ አቧራ የሐዋሳ በረኛ ዋና ጠላቶች ናቸው። ከግቡ ፊት ያለችውን ቦታ፣ ቢያንስ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር፣ ከጨዋታ በፊት በሰፊ መጥረጊያ መጥረግ ግድ ነው። ያልተጠረገ ሜዳ ላይ ጎማው ሲንሸራተት ሰው «ጎማው አይዝም» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ጥፋቱ ግን ከሥሩ ያለችው ጠጠር ናት። በክረምት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ የትኛውም ጎማ አይዝምና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

2. እግርን በሚሊ ሜትር ለኩ

ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ከተራመዳችሁ በኋላ ለኩ፤ እግር በቀን ውስጥ ያብጣል፣ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። ስትጫወቱ የምታደርጉትን ካልሲ አድርጉ፤ ስስ ይሁን። ወፍራም ካልሲ ጫማው ውስጥ እግርን ያዋኛል እንጂ አይደግፍም። የኤ4 ወረቀት በአጭሩ ጎኑ ግድግዳ አስነክታችሁ መሬት ላይ አንጥፉ። ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስጠጉ፣ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ክብደታችሁን በዚያው እግር ላይ ጣሉ። ሌላ ሰው ረጅሙ ጣት የደረሰበትን ምልክት ያድርግ፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ከዚያ የእግሩን ሰፊ ቦታ በሁለት በኩል ምልክት አድርጉና ሁለቱንም ለኩ። ማስመሪያችሁን ከተጠራጠራችሁ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል፤ ኤ4 ርዝመቱ 297 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 210 ነው።

ሁለቱ እግሮች እኩል ካልሆኑ፣ ብዙ ሰው ላይ እኩል አይደሉም፣ የምትገዙት በትልቁ ነው። ትንሹን እግር በስስ ገበር ማስተካከል ይቻላል፤ ትልቁን ጠባብ ጫማ ውስጥ ማስገባት ግን አይቻልም።

የሆኪ ጫማ ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል። ባወርና ሲሲኤምን የመሳሰሉት አምራቾች በጉልህ የሚጽፉት የራሳቸው ቁጥር ከአሜሪካ የጫማ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1 ተኩል ያነሰ ነው፤ አጠገቡ በትንሹ የሚጻፈው የአውሮፓ ቁጥር ግን እኛ ከለመድነው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ 42 የሚያደርግ ሰው ባወር ላይ 7 ተጽፎ ሲያይ «ይህ የሕፃን ነው» ብሎ መመለስ የለበትም። የስፋት ምልክትም አለ፦ ዲ መካከለኛ፣ ድርብ ኢ ሰፊ ነው።

ከውጭ በዘመድ በኩል የምታስመጡ ከሆነ «ቁጥሬ 42 ነው» ብላችሁ አትላኩ። የሁለቱንም እግር ርዝመትና ስፋት በሚሊ ሜትር ጻፉ፣ የወረቀቱን ፎቶ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ አንሡ፣ «የሆኪ ሮለር እንጂ የመዝናኛ አይደለም» የሚለውን ከላይ አድርጉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ የሚመጣው እስከ ቅልጥም የሚደርስ፣ በፕላስቲክ ዘለበት የሚቆለፍ ሮለር ነው። ለመንሸራሸር ጥሩ ነው፤ በረኛን ግን እንደ ጀሶ አስሮ ያቆመዋል።

3. ቡቱን በበረኛ አቋም ሞክሩ

ለበረኛ የሚሆን ቡት ከሦስት መንገድ በአንዱ ይገኛል። አንደኛው ከፋብሪካው ለሮለር በረኛ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በዓለምም ገበያ ጥቂት ነው። ሁለተኛው የበረዶ ሆኪ በረኛ ቡት ከሥሩ ያለው ምላጭና መያዣ ተነቅሎ የጎማ ፍሬም የተገጠመለት ነው። ሦስተኛው የተራ ተጫዋች የሆኪ ሮለር ሲሆን፣ ለጀማሪ እኛ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ፍሬሙና ጎማው ላይ ትንሽ ማስተካከያ ተደርጎበት ያገለግላል፣ መለዋወጫውም ይገኛል፣ በረኝነቱ ካልተስማማችሁ ለአጥቂነት ይሆናል።

የበረኛ ቡት ከተጫዋቹ የሚለየው በዋናነት ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። አጠር ይላል፣ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ጉልበት ከጣቶች አልፎ ወደ ፊት እንዲወጣ። የተጫዋች ቡት የምትሞክሩ ከሆነ ይህንኑ በማሰሪያ ማምጣት ይቻላል፦ የላይኛዋን አንዲት ቀዳዳ፣ ካስፈለገ ሁለቱን፣ ሳታስሩ ተዉ።

ሙከራው እንዲህ ይሄዳል። ማሰሪያውን ሳታጠብቁ እግራችሁን አስገቡ፣ ጣቶቻችሁ የቡቱን ጫፍ እስኪነኩ ወደ ፊት ግፉ። ከተረከዝ በስተኋላ አንድ ጣት ከገባ ልክ ነው፤ ሁለት ከገባ ትልቅ ነው። ቀጥሎ ተረከዛችሁን መሬት ሁለት ሦስት ጊዜ መትታችሁ ወደ ኋላ አስቀምጡ፣ ከታች ጀምራችሁ እሰሩ፣ ቁሙ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣቶች ጫፉን መዳሰስ አለባቸው። ጉልበት አጥፋችሁ ዝቅ ስትሉ ደግሞ ተረከዙ ወደ ኋላ ይሸሽና ጣቶቹ ከጫፉ ይላቀቃሉ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ምቹ የሆነ፣ ጣትን ጨርሶ የማይነካ ጫማ፣ ዝቅ ሲባል ውስጡ እግር የሚያዋኝ ይሆናል። ሻጭ «ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ይመቻል» ሲላችሁ አመስግናችሁ እለፉት።

የቡቱን ጥልቀት በእርሳስ መለካት ይቻላል። ማሰሪያውን ፈትታችሁ ምላሱን ወደ ፊት አውጡ፣ እርሳሱን ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛዎቹ ቀዳዳዎች ላይ በአግድም አስቀምጡ። እርሳሱ ሁለቱን ጠርዞች ከነካ ጥልቀቱ በቂ ነው። የእግራችሁ ጀርባ ወደ ላይ ገፍቶት ጠርዙን ካልነካ ቡቱ ጥልቀት የለውም፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጣቶቻችሁ ይደነዝዛሉ፣ ጥፋቱንም ማሰሪያው ላይ ትጥላላችሁ። ማሰሪያው ታስሮ ሲያልቅ በሁለቱ የቀዳዳ ረድፎች መካከል ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቅር። ረድፎቹ ከተገናኙ ቡቱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታጠብቁት አይዝም።

አሁን ዋናው ፈተና። ጎማው እንዳይንከባለል ጨርቅ ወይም ምንጣፍ ላይ ቁሙ። እግራችሁን ከትከሻ ትንሽ ሰፋ አድርጉ፣ ጉልበታችሁን ከጣቶቻችሁ በላይ አምጡ፣ ደረታችሁን ቀና አድርጉ። እንዲህ እንዳላችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በመሃል እያረፋችሁ ቆዩ። ሱቅ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ አጎንብሶ መቆም ሰው ያስቃል፤ ይሣቅ። የምትጠብቁት ሦስት ነገር ነው። ተረከዝ ከተነሣ የተረከዙ ጎድጓዳ ለእናንተ ሰፊ ነው፣ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ካላስተካከለው ሌላ ሞዴል ፈልጉ። የመሃል እግር ሥር ከተኮማተረ ወይ ቡቱ ጠባብ ነው ወይ የታችኛውን ማሰሪያ አጥብቃችሁታል፤ አላልታችሁ እንደገና ሞክሩ። አንዲት ነጥብ ላይ፣ ቁርጭምጭሚት አጥንት ወይም ትንሿ ጣት ጎን፣ እንደ ምስማር የሚወጋ ሕመም ካለ ግን ጊዜ አያለዝበውም። በጠቅላላው ጥብቅ ማለቱ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከአምስት ስድስት ጨዋታ በኋላ ይለቃል።

አንዳንድ ቡቶች በሙቀት የእግርን ቅርጽ እንዲይዙ ተደርገው ይሠራሉ። ይህ የሚደረገው አምራቹ በጻፈው ሙቀትና ደቂቃ ብቻ ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ወይም ምጣድ ላይ ማስቀመጥ ማጣበቂያውን አላቆ ሶሉን ይገነጥለዋል። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ በእንጨት ቅርጽ ማስፋትም የሚሠራው ለቆዳ ቡት ነው፤ ድርቅ ያለው ቅርፊት አይሰፋም፣ ይሰነጠቃል።

ከመነሣታችሁ በፊት የቡቱን አፍንጫ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ጎድጎድ ካለ ተዉት፤ ጠንካራ ኳስ ጣት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያስፈልግም። አፍንጫው ሌላም ሥራ አለበት፦ በረኛ ሁለቱን ጉልበት መሬት አስነክቶ እግሮቹን ወደ ውጭ ሲዘረጋ፣ ቢራቢሮ በሚባለው አወዳደቅ፣ አፍንጫውና የቡቱ የውስጥ ጎን ናቸው መሬቱን የሚፈትጉት። ስስ ጨርቅ የለበሰ ቡት አስፋልት ላይ አንድ ወቅት አይቆይም።

4. ፍሬሙ፦ ዝቅ ያለ፣ የማይጣመም

በረኛ ከመሬት ሲርቅ ሁለት ነገር ይከስራል። አንደኛው ሚዛን ነው። ሁለተኛው ከቢራቢሮ መነሣት ነው፤ ጉልበቱ መሬት ላይ እያለ ጎማውን መሬት አስይዞ ለመግፋት ቁርጭምጭሚቱን ማዞር አለበት፣ ፍሬሙ ከፍ ባለ መጠን ያ መዞር ይከብዳል። ስለዚህ ከሁለት እኩል ጥሩ ሮለሮች እግርን ዝቅ የሚያደርገውን ውሰዱ።

ፍሬሙ አሉሚኒየም ይሁን። ፕላስቲክ ፍሬም ቀጥታ ለሚሄድ ሰው ይበቃል፤ በረኛ ግን መላ ክብደቱን ወደ ጎን ሲገፋ ፍሬሙ ይጣመምና ግፊቱ መሬት ሳይደርስ ይቀራል። ለመለየት የፊተኛውን ጎማ በአንድ እጅ የኋለኛውን በሌላ እጅ ያዙና እንደ ጨርቅ ጭመቁት። በዓይን የሚታይ መጣመም ካለ ይቅርባችሁ። ቀጥሎ ጫማውን ገልብጣችሁ ከኋላ በአንድ ዓይን እዩ፤ አራቱም ጎማ እንደ ክር በአንድ መስመር መቀመጥ አለበት።

የሆኪ ፍሬም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አራቱንም እኩል ጎማ የሚይዝ ጠፍጣፋ ነው። ሌላው ከፊት ሁለት ትንሽ ከኋላ ሁለት ትልቅ ጎማ የሚይዝ ነው፤ ከፊት 72 ወይም 76፣ ከኋላ 80 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ሯጮች ይህንን ይወዳሉ። ለበረኛ ጠፍጣፋው ይሻላል፤ አራቱም ጎማ መሬት ይዞ ሲቆም ወደ ፊትም ወደ ኋላም አያወዛውዝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 72 እና 80 የሚይዘውን ፍሬም ገዝቶ «ዝቅ ላድርገው» ብሎ አራቱንም 72 ያደርገዋል። የፍሬሙ ቀዳዳዎች ግን እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም፤ የኋለኞቹ ለ80 ጎማ ታስበው 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለዋል። ትንሹ ጎማ ሲገባ ተረከዙ ይሰምጣል፣ በረኛው ሳያውቀው ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ጨዋታው ሲጠናቀቅ ጭኑና ወገቡ ያመዋል። እንዲህ ያለ ፍሬም ላይ ዝቅ ማለት ከተፈለገ አራቱም በእኩል መጠን ይቀነሱ፤ ለምሳሌ 76 እና 80 የነበረው 72 እና 76 ይሁን። ግማሽ ልዩነት ብቻ እንደምታገኙ ግን አስቡ፦ ከ80 ወደ 72 ስትወርዱ ጎማው 8 ሚሊ ሜትር ቢያንስም እግራችሁ የሚወርደው 4 ብቻ ነው።

ወደ ላይ መሄድ ደግሞ አይሆንም። ለ72 የተሠራ ፍሬም ላይ 80 ብታስገቡ ጎማዎቹ እርስ በርስ ወይም ከቡቱ ሥር ይጋጫሉ። ፍሬሙ ከቡቱ አፍንጫ ብዙ ወጥቶ የሚታይ ከሆነም ለሌላ ስፖርት የተሠራ ነው፤ በረኛው እግሩ ላይ ከሚያስረው መከላከያ፣ ከፓዱ፣ ሥር ይጠላለፋል።

የበረዶ ቡት ላይ ፍሬም የምታስገጥሙ ከሆነ ሪቬቱን፣ ፍሬሙን ከሶሉ ጋር የሚያያይዘውን የማይፈታ ምስማር፣ የሚመታው ሰው ከመምታቱ በፊት ፍሬሙን በሁለት ብሎን፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ፣ አስይዞ ይስጣችሁ። ለብሳችሁ ቁሙ። ቁርጭምጭሚታችሁ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከወደቀ ፍሬሙ በሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይገፋ። ሁሉም ሪቬት ከተመታ በኋላ ማስተካከል ማለት ሶሉን እንደገና መብሳት ነው፤ ሁለት ጊዜ የተበሳ ሶል ደግሞ ሪቬት አይዝም።

5. ጎማ፦ የሚይዝ ግን የማይነክስ

የሆኪ ጎማ መጠኖች 59፣ 68፣ 72፣ 76 እና 80 ሚሊ ሜትር ናቸው። በረኛ ከ72 በላይ የሚያስፈልገው ምክንያት የለም፤ ፍሬሙ የሚፈቅድ ከሆነ 68 ወይም 59 የተሻለ ዝቅ ያደርጋል። ትንሽ ጎማ ግን ሻካራ መሬት ላይ በትንሽ ጠጠርም ይቆማል። ስለዚህ ለአስፋልት 72፣ ለለስላሳ ሲሚንቶ 68 ብለን እንጀምራለን።

ጥንካሬው ላይ በረኛ እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ፍላጎቶች አሉት። ከአንዱ የግብ ቋሚ ወደ ሌላው በአንድ ግፊት ሲሄድ የሚገፋው እግር መሬቱን እንዲይዝለት ይፈልጋል፤ ለዚህ ለስላሳ ጎማ ይሻላል። ፊቱን ወደ ኳሱ እንዳደረገ በትንንሽ እርምጃ ወደ ጎን ሲጠጋ ግን ጎማው በጎኑ ትንሽ እንዲንሸራተት ይፈልጋል፤ ለስላሳው ጎማ እዚህ ይነክስና በረኛውን በፊቱ ይደፋዋል። በመሬቱ ከተገኘው ክልል፣ ሲሚንቶ ላይ 78ኤ አካባቢ፣ አስፋልት ላይ 84ኤ አካባቢ ጀምሩ። ስትገፉ እግር የሚሸሽ ከሆነ ሁለት ቁጥር ዝቅ፣ ስትጠጉ የሚያደናቅፋችሁ ከሆነ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጉ። ከ85 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ያንኑ ጎማ ይበልጥ ስለሚጨፈልቀው ከመጀመሪያውም በአንድ ደረጃ ጠንካራውን ይያዝ።

ጎማ ሲገዛ ስምንቱም ከአንድ ዓይነት ይሁን። በኋላ የበረኛ ጎማ የሚበላው በውስጥ ጎኑ ነው፤ ሁልጊዜ የሚገፋው በዚያ ነውና። አራት አምስት ጨዋታ ባለፈ ቁጥር የ1ኛውን ከ3ኛው፣ የ2ኛውን ከ4ኛው ቀይሩ፣ የተበላው ጎን ወደ ውጭ እንዲዞርም ገልብጡ። ፊትና ኋላ እኩል ያልሆነ ፍሬም ላይ ይህ መንገድ አይሠራም፤ እዚያ የቀኙን ከግራው ነው የምትለዋውጡት። በካሊፐር ስትለኩ በአንድ እግር ላይ ባሉ እኩል ጎማዎች መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ከተገኘ ትንሹ ጎማ መሬት መንካት አቁሟል፤ በሦስት ጎማ ቆማችኋል ማለት ነው።

6. ኩሽኔታ

እዚህ ገንዘብ አታባክኑ። ኤቤክ 5፣ 7፣ 9 የሚባለው ቁጥር የሚናገረው ኩሽኔታው ምን ያህል በተጠጋ ልክ እንደተሠራ ነው፤ የፍጥነት ደረጃ አይደለም፣ በረኛም ፍጥነት አልጠየቀም። ከቁጥሩ ይልቅ ክዳኑን እዩ። ዜድዜድ (ZZ) የተባለው የብረት ክዳን፣ ቱአርኤስ (2RS) የተባለው የላስቲክ ክዳን አለው። ለሐዋሳ አቧራ ላስቲኩ ይሻላል፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ቀይ አሽ አያስገባም።

መለኪያው 608 ነው፦ የውጭ ስፋት 22፣ የውስጥ ቀዳዳ 8፣ ውፍረት 7 ሚሊ ሜትር። በአንድ ጎማ ሁለት፣ በድምሩ 16 ያስፈልጋል። ይህ መጠን ትንንሽ ሞተሮችና የእጅ መሣሪያዎች ውስጥ ስለሚገባ ኩሽኔታ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ጠይቁ፤ የግድ የስፖርት ዕቃ ቤት መሄድ የለባችሁም። አንዳንድ ጎማ 688 የሚባለውን ትንሹን፣ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ይወስዳል፤ ሮለር ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ጎማ ፈትታችሁ አረጋግጡ። 688 ከሆነ ትርፍ አብራችሁ ካላስመጣችሁ ይቸግራችኋል።

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የምትገባውን ትንሽ ቱቦ አትርሱ፤ ጎማ ሲለዋወጥ ብዙ ጊዜ የምትጠፋው እሷ ናት። ከሌለች ብሎኑን ስታጠብቁ ኩሽኔታዎቹ ወደ ውስጥ ይጫኑና ጎማው ይታነቃል። ብሎኑን ስታላሉት ይሽከረከራል፣ ግን ይወዛወዛል፣ ውሎ አድሮም ወልቆ ይወድቃል። ርዝመቷ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጠፋች ቶርኖ ቤት ከሌላው ጎማ በወጣችው ልክ ያስቆርጡላችኋል። «ገደማ» ብላችሁ ግን አታስቆርጡ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ካጠረች እንደሌለች ናት።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ላስቲኩን በመርፌ ጫፍ አንሡ፣ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ በሳምንት ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል።

7. የፓዱ ማሰሪያ የሚያልፍበት

የበረኛ የእግር ፓድ ከጫማው ጋር የሚያያዘው ከፊት በሚያልፍ ማሰሪያ ነው። ሮለሩን ስትመርጡ ይህ ማሰሪያ የሚያልፍበት ቀዳዳ ወይም ክፍተት በፍሬሙ የፊት ክፍል መኖሩን አረጋግጡ፣ ከተቻለ ፓዱን ይዛችሁ ሂዱ። ማሰሪያው ከ1ኛው ጎማ ፊት ወይም ከጎማው በላይ ባለው ባዶ ቦታ ማለፍ አለበት። ጎማን የሚነካ ከሆነ ሁለት ጨዋታ ሳይሞላ ይቆረጣል፣ የሚቆረጠውም ቢራቢሮ ስትወርዱ ነው። ብዙ አጥብቆ ማሰርም ስሕተት ነው፤ ፓዱ በእግር ዙሪያ ካልዞረ ጉልበት ይጠመዘዛል። ከአፍንጫው እስከ ፓዱ ሦስት አራት ጣት የሚያህል ልቅ ቦታ ተዉለት።

8. ያገለገለ ሲገኝ

ሰልባጅ ውስጥ ወይም ከሰው እጅ የሆኪ ሮለር ሲገኝ ጎማና ኩሽኔታ መበላቱ አያስደንግጣችሁ፤ የሚቀየሩ ናቸው፣ ዋጋም ለማስወረድ ይጠቅማሉ። የማይቀየረውን ፈልጉ። ሶሉና ፍሬሙ የሚገናኙበት ላይ ሪቬት ጎድሎ ወይም ተንቀሳቅሶ እንደሆነ እዩ፣ ቡቱን ከቁርጭምጭሚቱ ጋር በእጃችሁ ወደ ጎን አጥፉ። እንደ ካርቶን ከታጠፈ ድጋፉ አልቋል። የጎማ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በአለን ቁልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር፣ ፍቱ። ጭንቅላቱ የተቦረቦረ ወይም ጥርሱ የተበላ ብሎን ካለ ሻጩ ራሱ ይፍታው፤ እናንተ ቤት ስትደርሱ የሚወጣው በመሰርሰሪያ ነው። የውስጥ ገበሩን አውጥታችሁ ሽተቱ፤ ሻጋታ ከገባበት ፀሐይ አያድነውም።

9. የመጀመሪያው ሳምንት

አዲስ ሮለር ለብሳችሁ በቀጥታ ግብ ላይ አትቁሙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሃያ ሃያ ደቂቃ ያለ ፓድ ከቋሚ ወደ ቋሚ ብቻ ተጠጉ፤ ጎማው የሚነክስ ወይም የሚሸሽ መሆኑ እዚህ ይታወቃል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ስምንቱንም ብሎን በቁልፍ ፈትሹ፤ አዲስ ብሎን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይላላል። ሁልጊዜ የሚላላ አንድ ካለ ጥርሱን በቤንዚን አጽድታችሁ አንዲት ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ አድርጉና ወዲያው እሰሩት፣ በነጋታው ተጫወቱበት። በሦስተኛው ቀን ፓድ ልበሱ፣ አሥር ጊዜ ቢራቢሮ ውረዱና ተነሡ፣ ከዚያ ጫማውን አውልቃችሁ የቡቱን የውስጥ ጎን እዩ። መሬቱ ከፈተገው እዚያው ቦታ ላይ ወፍራም የጨርቅ ፕላስተር ለጥፉ፤ እሱ ሲያልቅ ሌላ ይለጠፋል፣ ቡቱ ግን አይነካም።